መድኃኒቱን አንተ አልዋጥከውም

ስሜነህ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። አንተ ካረፍክ ቆየህ፤ እረፍት ያጣነው እኛ ነን። ከተለያየን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። ደመናው ከጮቄ በኩል እየወረደ ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስን ያጨልማታል። አንተ በፌስታልና በሚስማር የደፈንከው ቆርቆሮ ግን ዘንድሮም አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ሰው ለሟቹ ሲጽፍ ካንተ በኋላ ቤቱ ፈረሰ ይላል። የኛ ቤት አልፈረሰም። አንተ የነካኸው ሁሉ እንደቆመ ነው፤ የከፋው የሰው አፍ ነው።

ማኅደር አራተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ያንተ፣ ምላሷ የኔ ሆኗል፤ ምን ይውጣት እንደሆነ እንጃ። አልጋውን ወደ መስኮቱ በኩል አዞርኩት። ጋቢህን እኔ እለብሰዋለሁ፤ ስለሚሞቅ ነው እንጂ ለትዝታ ብዬ እንዳይመስልህ። እሺ፣ ትንሽ ለትዝታም ነው።

አሁን ደግሞ የምትቆጣበትን ልንገርህ። አንተ በሠራህበት የእህል መጋዘን ተቀጥሬያለሁ። ግቢው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ስንዴ አበጥራለሁ፣ ጠጠር እለቅማለሁ። የሠራተኛ ማኅበሩም አባል ሆኛለሁ። «ባልሽን የበላ ቦታ ላይ እንዴት ቻልሽው?» የሚሉኝ አሉ። «ሌላ መጋዘን ካወቃችሁ አሳዩኝ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ የለም። አዛኝ ብዙ ነው፣ ሥራ የሚያሳይ ግን አንድም አላገኘሁም።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስትገባ «እንዴት ዋልክ?» ስልህ የምትመልሰው ትዝ ይለኛል። «ሳልሞት» ትለኝ ነበር። የቅኔ ቤቱን ጀምረህ ብትተወውም እሱ አልተወህም። ደስ ሲልህ ቃሏን በአንድ ትንፋሽ ትላታለህ። ሥራ አስኪያጁ ያናደደህ ቀን ደግሞ «ሳል» ብለህ ትቆምና፣ ወደኔ ዞረህ «ሞት» ትላለህ። እኔም እስቃለሁ። ያኔ ሰሙን ብቻ ነበር የምሰማው።

ያን ቀን መጋዘን ውስጥ የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስላላየኸው ልንገርህ።

በቀትር ነው ግድግዳ ይዘህ የመጣኸው። አስመለሰህ፣ ደረትህ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ነው አልክ። «ምን ነካህ?» ስልህ «ሸራውን ዛሬ ጧት ነው የገለጥነው፤ መኪናው ቆሞ ነበር» አልከኝ። እኔም እንዳንተው ገባኝ። ነቀዝ ለመግደል በጆንያው መሐል አስቀምጠው በሸራ የሚሸፍኑት ክኒን ሽታው ሰው እንደሚገድል፣ ሸራው ተገልጦ በሩ ተከፋፍቶ ነፋስ በደንብ ካልገባበት መጋዘን ውስጥ እግር እንደማይረገጥ አንተው ነበርክ የነገርከኝ። የሚጫን መኪና ቆመ ብለው ግን አስገቧችሁ። ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት አደረስኩህ። ነርሷ አፍህን አሸተተችና «ምን ዋጠ?» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ እንዲህ ሸትቶ የሚመጣላት ሁሉ የዋጠ ነው።

«አልዋጠም፣ ተነፈሰው» አልኳት።

ጎህ ሳይቀድ ሄድክ። ከዚያች ቃል ውጭ የሚመሰክርልህ አልነበረም፤ የሚስት ቃል ደግሞ ለሐዘን እንጂ ለምስክርነት አይሆንም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ደረሰ። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ድንኳኑ መሐል ጎንበስ ብሎ እንባ የሌለበትን ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማው ግን በቂ አድርጎ፣ «ምን ቸግሮት ይሆን?» አለ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐሰት አልተናገረም፣ መጠየቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዲያብሎስም ቢሆን ተምሮ ነው የሚጠይቀው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ፈንታሁን፣ ስንት ጊዜ ከገበታችን የቆረሰው ፈንታሁን፣ ጎኑ ተቀምጦ «እሱማ ሰሞኑን ዝምታ አብዝቶ ነበር» ብሎ አሟላለት። አንተ ዝምታ! አንተን ዝም ያሰኘ ሰው ቢገኝ እኔ መጀመሪያ በሸለምኩት።

አያልነህም ነበር። አብሮህ ጆንያ የሚሸከመው አያልነህ፣ ያን ጧት ካንተ ጋር መጋዘን መግባቱን ጫኞቹ ሁሉ የሚያውቁት አያልነህ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሲስል አየሁት። ዓይኔን ዓይኑ ላይ ተከልኩት፤ እሱ መሬት ላይ ተከለው። ብዙም ሳይቆይ ካቦ አደረጉት። ጆንያ መሸከም ቀርቶለት በፊሽካ ሰው የሚያዝ ሆነ። የዝምታ ዋጋ ፊሽካ ናት ለካ።

ወሬው ካስከሬንህ ቀድሞ የትውልድ አገርህ ሮብ ገበያ ገባ። እናትህ ደጅ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው እንደሚያለቅስ ቆሞ እንደሚያማ ይተያይ ነበር። ቄሱ ወደ ጎን ወሰዱኝና «ልጄ፣ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረስም፤ ሥርዓት ነው» አሉኝ። «አላጠፋም» አልኳቸው። «ወሬው እንዲያ ነው» አሉ። ወሬ ቀኖና ሲሆን ያን ቀን አየሁ። ያለ ጸሎት፣ ያለ ካህን ድምፅ፣ ከአጥሩ ጥግ አፈር መለስንብህ። አርባህ አልወጣም። ሰማንያህም፣ ዓመትህም እንዲሁ አለፈ። እናትህ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከደጁ አታልፍም፤ ከውጭ ተሳልማ ትመለሳለች። ስምህንም መጥራት ተወች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ስለ ገብሱ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ውርጩ እናወራለን። አንተ በመሐላችን ተቀምጠህ እያለህ፣ አንዳችንም አናነሳህም።

እንዲህ ሆነን ነው ሥልጠናው የመጣው።

አዎ፣ ሥልጠና። «የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤንነት ሥልጠና ለማኅበሩ አባላት» ይላል ሆቴሉ በር ላይ የሰቀሉት ባነር። ባነሩ ላይ የራስ ቁር ያደረገ አንድ ፈገግተኛ ሰው አለ፤ እንደዚያ ተመችቶት የሚሠራ ሰው በዚህ አገር አላየሁም። ፈንታሁን ሱፍ ለብሶ በር ላይ እየተቀበለ ያስገባናል፣ ሠርገኛ መሰለው። ብዙዎቻችን ሆቴል አዳራሽ ስንገባ የመጀመሪያችን ነበር። እግራችንን ጠርገን፣ ነጠላችንን አስተካክለን፣ ለጥፋት እንደተጠራ ሰው በየወንበሩ ተሸጎጥን።

አሠልጣኙ ከባሕር ዳር ነው የመጣው የሚሉ አሉ፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚሉም አሉ። ከየትም ይምጣ፣ እህል መጋዘን ደጃፍ ደርሶ እንደማያውቅ ጫማው ይናገራል። ግድግዳው ላይ ምስል እያበራ «ሪስክን ከሃዛርድ ጋር እንዳታምታቱ» ይለናል፣ ጣቱን እያወዛወዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው የስንዴ ለቃሚ ጓደኛዬ «የትኛው ነው የሚገድለው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። «የተከፈለበት» አልኳት። ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ምሳ ሲደርስ ጥብስ በትሪ በትሪ ደረደሩልን። ጾመኛው ሁሉ ተያየ፤ አስተናጋጆቹ ደንግጠው ሽሮ ፍለጋ ሮጡ። የምንጾምበትን ቀን እንኳ ሳይጠይቁን ስለ ነፍሳችን ሊያስተምሩን የመጡ ሰዎች! ጥብሱን ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ ተረባረቡበት፤ ፈንታሁንም መጀመሪያ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ በላ።

ከምሳ በኋላ ካርቶን ከፍተው ጭንብል አደሉን። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በሁለት በኩል ማጣሪያ ያለው። ስሜነህ፣ አንዱን ይዤ አገላበጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። አንተ አፍህን የምትሸፍነው በዚያች ቡናማ ሻርፕህ ነበር። አሠልጣኙ እንዴት እንደሚጠለቅ አሳየን፣ አጠለቅነው፣ ተደርድረን ፎቶ ተነሳን። ፎቶው እንዳለቀ አሠልጣኙ ያመጣቸው ረዳት ልጆች ካርቶኑን ይዘው በረድፍ መጡና ከየፊታችን ላይ ሰበሰቡት። «ለቀጣዩ ሥልጠና ይፈለጋል» አሉን። እኔ ስሰጥ ትንሽ ዘገየሁ። ልጁ ሳብ አደረገው። መጋዘኑ ደግሞ እንደ ድሮው አንድም የለውም።

ከሰዓት ነው ያ ነገር የመጣው። ግድግዳው ላይ የክኒኑን ቆርቆሮ ምስል አበሩና አሠልጣኙ «አሁን ከራሳችሁ ድርጅት የተወሰደ ኬዝ እናያለን» አለ። ከዚያ ምን እንዳነበበ ልንገርህ፤ አንድም ቃል አልረሳሁም። «ድርጅቱ በሰጠን መረጃ መሠረት፣ ሠራተኛ ሀ በግል ችግር ምክንያት የመጋዘን መድኃኒት ወስዶ የገዛ ሕይወቱን አጥፍቷል። ከዚህ ምን እንማራለን? መድኃኒቱ ሁልጊዜ ተቆልፎ መቀመጥ እንዳለበት እንማራለን።»

ሠራተኛ ሀ። ያን ሁሉ የፊደል ዘር የተማርከውን አንተን አንዲት ሀ አደረጉህ። ከሞትህ የተማሩትም ቁልፍ ነው። ሰዎቹ እኮ ክፉዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ የሚሠራውን ያውቃል። ይሄኛው እያዛጋ ነው ያነበበህ።

አዳራሹ ውስጥ ያወቀህ ሁሉ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። እኔ ተነሳሁ።

«ሠራተኛ ሀ ባሌ ነው» አልኩ። «ስሙ ስሜነህ ነው።»

አሠልጣኙ ወረቀቱን ገለጠ። «እ… በጣም አዝናለሁ፣ ግን ኬዙ ላይ ስም የለውም።»

«ይኸው እኔ ሰጠሁት። ጻፈው። ደግሞ አልዋጠም፤ ተነፈሰው። ሸራው በተገለጠበት ሰዓት ነው ያስገቡት። የገባውም ብቻውን አይደለም።» ፊቴን ወደ ኋላ መለስኩ። ካቦው አያልነህ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። «አያልነህ፣ ያን ጧት አብሮት የገባው ማን ነው?»

አያልነህ አፉን ከፈተ፣ ሳሉ ቀደመው። ሳለ፣ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው ሳለ። ፈንታሁን ከመድረኩ ብድግ ብሎ «እህቴ አትጠገብ፣ ሐዘንሽን ሁላችንም እንጋራለን፤ ግን ይሄ ሥልጠና ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም» አለኝ።

«ፍርድ ቤትማ ቢሆን ኖሮ አንተ በዚያ በኩል አትቀመጥም ነበር» አልኩት።

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቀች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። አሠልጣኙም የሻይ እረፍት መሆኑን አወጀ። ሻይ! ባሌን ከግድግዳው ላይ አጥፍተው ብስኩት አዞሩ። አያልነህ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። እኔ ግን አልወጣሁም፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ስሜን ሲጠሩ ሰርተፊኬቴን ተቀበልኩ። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው። ማኅደር የሒሳብ ደብተሯን ሸፈነችበት።

ሥልጠናው ባለቀ በሳምንቱ ገደማ፣ ጧት ሥራ ስንገባ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ አየን። የመድኃኒቱን ሸራ ገና መግለጣቸው ነበር። ትልቅ የጭነት መኪና ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ ቆሟል፤ ጫኞቹ የሚረማመዱበት ሳንቃም ተዘርግቷል። ሥራ አስኪያጁ በስልክ እያወራ ብቅ አለና ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡና ጫኑ» አለ።

አንዱ ጫኝ ባርኔጣውን አውልቆ «ጌታዬ፣ አሁን መከፈቱ እኮ ነው፤ ትንሽ ይናፈስ» አለው።

«ሠልጥናችሁ የለም እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ቀልዶ ቢሆን ባልገረመኝ። ከልቡ ነው። ሰርተፊኬቱ ሳንባችንን የሚሸፍን መስሎታል። ጫኞቹ ተያዩ። ሁሉም ልጆች አሏቸው፣ ሁሉም የቤት ኪራይ አለባቸው። አንዱ ሻርፑን አፉ ላይ ጠመጠመ። ሻርፑን ሲጠመጥም እጁን ሳይ ነው የተነሳሁት። ሰፌዴን እንደያዝኩ ሄጄ ከበሩ ራቅ ብዬ በመኪናው በኩል ሳንቃው ላይ ተቀመጥኩ። በኛ አገር የተቀመጠን ሰው ተራምዶ ማለፍ ነውር መሆኑን ታውቃለህ፤ ያውም ባሏ የሞተባትን ሴት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል? ተነሺ!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ስንዴዬን ላነፍስ ነው። እዚህ ጥሩ ነፋስ አለ» አልኩት።

«ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

«ከዚህ ሥራ መባረሪያው መንገድ ብዙ ነው። ባሌ በአልጋ ነው የተባረረው።»

ፊቱ ቀላ። «ካቦ!» ብሎ ጮኸ። አያልነህ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጓሮ መጣ። ሊያስነሳኝ ነው ብዬ ሰፌዴን አጥብቄ ያዝኩ። አላስነሳኝም። አልፎኝ፣ መጋዘኑን በውጭ በኩል ዞሮ ሄደ። ከዚያ ከወዲያ ጫፍ የብረት መቀርቀሪያ ሲንሿሿ ሰማን። ተዘግቶ የሚኖረውን የኋላውን በር ከፈተው። ነፋሱ ከወዲያ ገብቶ በወዲህ ሲወጣ ያ ሽታ ደጁ ድረስ ደረሰ፤ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ሸሸን። ሥራ አስኪያጁም ሸሸ። ከሁሉም ቀድሞ ሸሸ። ማንም ሳያስተምረው!

አያልነህ ተመለሰና ጫኞቹ መሐል ቆመ።

«ዛሬ የሚገባ የለም» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ስሜነህ የሞተው እዚህ ነው። አብሬው ነበርኩ። ገና አንዳንድ ጆንያ እንዳወጣን ራሴን አዞረኝ። እሱ ‹አንተ ደረትህ ደካማ ነው፤ ውጣ፣ ያንተን ድርሻ እኔ አወጣልሃለሁ› ብሎ ገፍቶ አስወጣኝ። እኔ ውጭ ተቀምጬ ሳስመልስ እሱ መኪናውን ሞላው።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አትጠገብ፣ ሰምተሻል?»

ሰማሁ። ስሜነህ፣ ይሄን ለኔ እንኳ አልነገርከኝም። ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ እጅህን ይዤ ሳለሁ፣ ያን ያህል ጊዜ ነበረህ። ተናደድኩብህ። እዚያው ሳንቃው ላይ ተቀምጬ አንተን እየሰደብኩ አለቀስኩ። ሞኝ አልኩህ። የሰው ድርሻ ተሸካሚ አልኩህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ስሄድ አንገቴ ትንሽ ቀና ይላል።

መኪናው ቆሞ አደረ። ሾፌሩ ተቆጥቶ ነበር፤ ነገሩ ሲገባው ግን ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ጠበቀ። ፈንታሁን አመሻሽ ላይ ለሽምግልና እየሮጠ መጣ፤ የሚያስታርቀው አጥቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ሥልጠናው በአባላቱ ዘንድ ተጨባጭ ለውጥ አምጥቷል!» እያጨበጨበም ነው የተናገረው። አንዳንድ ሰው ከእሳት ቃጠሎ ላይ ከሰል ለቅሞ ይሸጣል።

አያልነህን ከካቦነት አወረዱት። አሁን እንደገና ጆንያ ይሸከማል። እኔን ግን አላባረሩኝም፤ ፈሩኝ መሰለኝ። ነፋስ ሳይገባ አንገባም ማለትን ጫኞቹ ለመዱት። ጭንብሎቹ ግን አልመጡም፤ የት አገር ፎቶ እየተነሱባቸው እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ አያልነህ ሳልጠራው ቤታችን ደጃፍ መጣ። ነጭ ለብሷል። «ሮብ ገበያ ውሰጂኝ» አለኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ዳገቱን ስንወጣ ሲስል የውኃ ኮዳዬን አቀበልኩት፤ በቃ፣ ያቺን ብቻ ነው የቻልኩት።

እናትህ ድንች ስትለቅም አገኘናት። አያልነህ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ። ማን እንደሆነ አታውቀውም፤ «ተነሳ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችው። ሁሉንም ነገራት። ስለ ሸራው፣ ስለ መኪናው፣ ገፍተህ ስላስወጣኸው። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ እየጠረገች አዳመጠችው፤ ከጨረሰም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«እንጀራዬን ፈርቼ፣ እናቴ።»

«እኔ ደግሞ የልጄን ስም ፈርቼ ኖርኩ» አለች። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ብሆን ስንቱን ባወረድኩበት።

ቄሱ ተጠሩ። አያልነህ መስቀል መትቶ በፊታቸው መሰከረ። አንገታቸውን ደፉ። «የሰማነውን ይዘን ነው ያደረግነው፣ ልጆቼ» አሉ።

«ይጠይቁ ነበራ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ለሰሙት ወሬ ጆሮ ከነበረዎ፣ ለኔም ቃል አንዲት ጆሮ አይጠፋዎትም ነበር።» እናትህ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቄሱ ግን አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እውነትሽን ነው ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ለሳቸው ያለኝን ንቀት ግማሹን ትቼላቸዋለሁ። ግማሹ ይቆይ።

በሳምንቱ ፍትሐትህ ተደረሰ። ካህናቱ መቃብርህ ላይ ቆመው መጽሐፉን ገለጡ። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉ እናትህ ከአጥሩ ውጭ ነበረች፣ እንደለመደችው። ማንም ሳይጠራት በደጁ ገባች። በሰው መሐል ሰንጥቃ መጥታ መቃብርህ ራስጌ ቆመችና «ኃይለ ገብርኤል!» አለች። ጮክ ብላ፣ አገር እስኪሰማ። ካህናቱ ተቀበሉ። «ነፍሰ ኃይለ ገብርኤል» ባሉ ቁጥር ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ማኅደር እጄን ይዛ ቆማ ነበር። «አባዬን ነው የሚሉት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ተዝካርም አወጣን፤ ትንሽ ጠላ፣ ትንሽ ዳቦ። ያማህ ሁሉ መጣ። ጠግቦ በላ፣ ደግሞ ጠጣ። «እኔስ ድሮም አላመንኩም ነበር» ያላለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም አላመነም ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ ያን ወሬ ማን ነበር ያወራው? ዛፎቹ ይሆናሉ። ለሁሉም ቀዳሁላቸው። የቤት እመቤት ነኝና ፊቴን አላጠቆርኩም፤ ልቤን ግን ያየ የለም።

ስሜነህ፣ እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። የጠየቀው የለም፤ እኔ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ መጥናቴን አልተውኩም፣ አልተውም። ያ አሠልጣኝ ደግሞ ዛሬ ደምበጫ ይሁን ይጁቤ አላውቅም፤ ምናልባት አሁንም ሠራተኛ ሀ እያለ ያዛጋብህ ይሆናል። የደረስኩበት ቀን ሀ ሁን ከመጀመሪያው አስቆጥረዋለሁ።

ላንተ የምገባው ቃል ግን አንድ ነው። ሻማ ሁሉም ያበራል፣ ሻማም ያልቃል። እኔ ከእንግዲህ በዚያ መጋዘን እስካለሁ ድረስ፣ ሸራው በተገለጠ ቁጥር፣ ሁለቱም በሮች ተከፍተው ነፋሱ ውስጡን ፈትሾ እስኪወጣ፣ ከደጁ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ጫኞቹ «ይበቃል? እንግባ?» ይሉኛል። እኔም ስምህን እጠራለሁ፤ ስሜነህ እላለሁ፣ ሁሉም እየሰማ። ስምህ ሳይጠራ አንድም ሰው አይገባም።

ያንተዋ
አትጠገብ